የነጆ ድንጋይና ያልተመዘገበችው ሌሊት፤ በወለጋ ከተሞች የሰማይ እሳትን አይቶ ስለ መመዝገብ

፩፤ መነሻ

በዓለም ላይ የተገኙ የሰማይ ድንጋዮች ስማቸው፣ የተገኙበት ስፍራና ዓይነታቸው ተለይቶ በሚጻፍበት ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ «ነጆ» የሚል ስም ይገኛል። የሰማይ ድንጋይ በተገኘበት ስፍራ አጠገብ ባለው ከተማ ወይም መንደር ስም መጠራቱ የተለመደ ሕግ ስለ ሆነ፤ ይህ ድንጋይም የወለጋዋን ከተማ ስም ተሸክሞ ይኖራል። የተገኘበት ዘመን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1970 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም በእኛ 1962 ወይም 1963 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ዓይነቱ «ኤል 6» ተብሎ ተመዝግቧል። «ኤል» የሚባለው ወገን የብረት መጠኑ አነስ ያለ፤ ከሰማይ ከሚወድቁት ድንጋዮች ሁሉ እጅግ ከሚዘወተሩት አንዱ ነው። «6» የሚለው ቁጥር ደግሞ ድንጋዩ ቀድሞ የነበረበት ታላቅ አካል ሳይሰበር፤ በውስጡ ሳለ በብርቱ ሙቀት እንደ ተለወጠ ያመለክታል። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት የዚህ ወገን ድንጋዮች ሁሉ አባት የሆነው አካል ከ470 ሚሊዮን ዓመት ግድም በፊት በጠፈር ውስጥ ከሌላ አካል ጋራ ተጋጭቶ ተሰባብሯል።

እንግዲህ ከ470 ሚሊዮን ዓመት በፊት የሆነውን ነገር ከድንጋዩ ማንበብ ተችሏል። ወደ ወለጋ ምድር የመጣበት ቀን ግን አልተጻፈም። መዝገቡ ድንጋዮችን በሁለት ወገን ይከፍላል፤ አንደኛው «ሲወድቅ የታየ»፤ ሁለተኛው «የተገኘ» ይባላል። ነጆ በሁለተኛው ወገን ውስጥ ነው። ይህ ማለት ከሰማይ ሲመጣ ያየ፣ ድምፁን የሰማ፣ ቀኑንም የጻፈ ሰው ቃል ከድንጋዩ ጋራ አልተያያዘም ማለት ነው።

በዚህ አጭር ጥናት ልናስረዳ የምንፈልገው ነገር አንድ ነው። የሰማይ ድንጋይ ስለ ሩቁ ዘመን ራሱ ይናገራል፤ ስለ ወደቀበት ሰዓት የሚናገረው ግን ያየው ሰው ነው። የሰው ቃልም ወዲያው ካልተጻፈ ከድንጋዩ ቀድሞ ይጠፋል። ስለዚህ የሰማይን እሳት አይቶ መመዝገብ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ሥራ ብቻ ሳይሆን፤ ታሪክን የሚማር ሰው ሁሉ ሥራ ነው።

፪፤ የእሳት ኳስ ምን እንደ ሆነ

በጠራ ሌሊት እንደ ክር ቀጥነው የሚያልፉት ተወርዋሪ ኮከቦች አብዛኛዎቹ ከአሸዋ ቅንጣት እምብዛም የማይበልጡ ናቸው። በሰከንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ወደ አየራችን ሲገቡ፤ በ100 ኪሎ ሜትር ግድም ከፍታ ላይ መብራት ይጀምራሉ፤ ወዲያውም ተቃጥለው ያልቃሉ። ብርሃኑ ከአጥቢያ ኮከብ ብርሃን የሚበልጠው ተወርዋሪ «የእሳት ኳስ» ይባላል። የእሳት ኳስ የሚሆነው አካል ጠጠር ወይም ድንጋይ የሚያህል ነው፤ አንዳንዱም ከዚያ እጅግ ይበልጣል። እንዲህ ያለው ሲያልፍ ሌሊቱን እንደ ቀን ሊያበራ፣ ቀለሙን ሊለውጥ፣ ተሰንጥቆም ሊበታተን ይችላል።

ድንጋዩ ተቃጥሎ ካላለቀ ብርሃኑ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ቁራጭ ፍጥነቱን አጥቶ፤ በጨለማ ውስጥ እንደ ተጣለ ድንጋይ ይወድቃል። ይህን ማወቅ ለታሪክ ጸሐፊ እጅግ ይጠቅማል። በነቀምቴ ሆኖ የእሳት ኳስ ያየ ሰው «ከዚያ ኮረብታ ማዶ ወደቀ» ይላል፤ በጊምቢ ያየውም ሰው «ከወንዙ ማዶ ነው የወደቀው» ብሎ ይምላል። ሁለቱም ያዩትን በታማኝነት ተናግረዋል። ዳሩ ግን እሳቱ የጠፋው ከራሳቸው በላይ በብዙ አሥር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ስለ ሆነ፤ ሁለቱም ስለ መውደቂያው የገመቱት ልክ አይሆንም። ስለዚህ ከምስክሩ የምንፈልገው «የት ወደቀ?» ለሚለው የሚሰጠውን መልስ ሳይሆን፤ «የት ቆመህ፣ ወዴት እያየህ ነበር?» ለሚለው የሚሰጠውን መልስ ነው።

ድምፁም እንዲሁ ነው። ብርሃን ወዲያው ይታያል፤ ድምፅ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። እንደ ነጐድጓድ ያለው ድምፅ ብርሃኑ ከታየ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ቢሰማ፤ የተነሣበት ቦታ 40 ኪሎ ሜትር ግድም ይርቃል ማለት ነው። የካቲት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. በሩሲያ በቼልያቢንስክ ከተማ በላይ ታላቅ የእሳት ኳስ በፈነዳ ጊዜ፤ ብርሃኑን ለማየት ወደ መስኮት የተጠጉ ብዙ ሰዎች ከደቂቃ በላይ ቆይቶ በደረሰው የአየር ግፊት በተሰባበረ መስታወት ቆሰሉ። የተጎዱት ሰዎች ቁጥር 1500 ያህል ነበር። ስለዚህ እጅግ ብርቱ ብርሃን ያየ ሰው ከመስኮት ርቆ ሰከንድ መቁጠር ይገባዋል፤ ቁጥሩ ለደኅንነቱም ለመዝገቡም ይጠቅማል።

ወለጋ ለዚህ ሥራ የራሱ ጠባይ አለው። ክረምቱ ረጅም፣ ደመናው ወፍራም በመሆኑ፤ በነሐሴ መጀመሪያ ሳምንት የሚበዙትን ተወርዋሪ ኮከቦች ለማየት አይመችም። ነገር ግን በኅዳር 8 ቀን ግድምና በታኅሣሥ 5 ቀን ግድም የሚበዙት በመኸርና በበጋ ጥራት ላይ ይውላሉ። በእነዚህ ወራት ብዙ ሰው ሰብሉን ከአውሬ ሲጠብቅ ውጭ ያድራል። የሰማይ ምስክር የሚገኘው በእርሻ ጎጆ ውስጥ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

፫፤ የምስክር ቃል እንዴት ዕውቀት ለመሆን በቃ

ከ18ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ በፊት በአውሮፓ የነበሩ ብዙ ሊቃውንት ከሰማይ ድንጋይ ይወድቃል የሚለውን ወሬ የባላገር ተረት አድርገው ይንቁት ነበር። ይህን አስተሳሰብ ለመለወጥ ከረዱት መካከል ሦስቱን ታሪኮች እንጠቅሳለን፤ ሦስቱም መነሻቸው የተራ ሰው ምስክርነት ነውና።

የመጀመሪያው የኤርንስት ክላድኒ ሥራ ነው። ክላድኒ የሕግ ትምህርት የተማረ ጀርመናዊ ነበር። በጌቲንገን ቤተ መጻሕፍት ገብቶ በልዩ ልዩ ዘመንና አገር ስለ ታዩ የእሳት ኳሶች የተጻፈውን ሰበሰበ። ዳኛ የምስክሮችን ቃል እንደሚያነጻጽር እርሱም ጽሑፎቹን አነጻጸረ። እርስ በርሳቸው ያልተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር መናገራቸውን ባየ ጊዜ፤ ወሬው ተረት አለመሆኑን ተረዳ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1794 ባሳተመው መጽሐፍ የእሳት ኳስና የሰማይ ድንጋይ አንድ ነገር መሆናቸውን፤ መነሻቸውም ከምድር ውጭ መሆኑን ገለጸ።

ሁለተኛው የሁለት ተማሪዎች ሥራ ነው። በ1798 በዚያው በጌቲንገን ይማሩ የነበሩት ብራንዴስና ቤንዘንበርግ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው በመቆም በአንድ ሌሊት አንድ ሰማይ ይመለከቱ ጀመር። እያንዳንዱ ያየውን ተወርዋሪ ኮከብ ሰዓቱንና በኮከቦች መካከል ያለፈበትን መንገድ ጻፈ። ከጻፏቸው ከ400 በላይ ከሆኑት መካከል ሁለቱም ያዩአቸው 22 ብቻ ነበሩ። ይሁን እንጂ እነዚህ 22 በቂ ሆኑ። አንዱ ነገር ከሁለት ስፍራ ሲታይ በልዩ ልዩ ኮከቦች ፊት ያለፈ መስሎ ስለሚታይ፤ ከዚህ ልዩነት ከፍታውን አሰሉ። ተወርዋሪ ኮከቦች ከደመና በላይ እጅግ ርቀው እንደሚበሩ በዚህ ታወቀ።

ሦስተኛው በፈረንሳይ በሌግል ከተማ የሆነው ነው። ሚያዝያ 26 ቀን 1803 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዚያች ከተማ ዙሪያ 3000 ያህል ድንጋዮች ወረዱ። መንግሥት ዣን ባቲስት ቢዮ የተባለውን ወጣት ሊቅ ልኮ ነገሩን እንዲመረምር አደረገ። ቢዮ በየመንደሩ እየዞረ ካህናትን፣ ገበሬዎችንና ሴቶችን ጠየቀ። ድንጋዮቹ የተገኙባቸውን ስፍራዎች በካርታ ላይ ሲያኖር ሞላላ ቅርጽ ወጣ። የምስክሮቹ ቃልና የድንጋዮቹ አቀማመጥ ስለ ተስማሙ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን ለመካድ አስቸጋሪ ሆነ።

፬፤ በጎረቤታችን በሱዳን የሆነው

እነዚህ ምሳሌዎች ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው የሚል ቢኖር፤ ከኢትዮጵያ ጋራ በምትዋሰነው በሱዳን የሆነውን እንጠቅሳለን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጥቅምት 6 ቀን 2008 በአሜሪካ በአሪዞና ያለ የሥነ ፈለክ መመልከቻ ወደ ምድር የሚመጣ አንድ ትንሽ አካል አየ። ስፋቱ አራት ሜትር ያህል ነበር፤ «2008 ቲ ሲ 3» የሚል መለያም ተሰጠው። አንድ ቀን ሳይሞላ፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 27 ቀን 2001 ዓ.ም. ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ በሱዳን ኑቢያ በረሃ በላይ በ37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ፈነዳ። በኬንያ ያለው የአየር ሞገድ መስሚያ ጣቢያ እንኳ ፍንዳታውን መዝግቧል። በጠፈር ሳለ ታይቶ፤ ኋላም ቁራጩ በምድር የተገኘ የመጀመሪያው አካል ይህ ነው።

ታዲያ ቁራጮቹ የተገኙት እንዴት ነው? የካርቱም ዩኒቨርሲቲው መምህር ሙዓውያ ሻዳድ ያዩትን ሰዎች ቃል ሰበሰቡ። በባቡር ሐዲዱ ላይ ባለው በስድስተኛው ጣቢያ የነበሩ ሰዎች ብርሃኑን አይተው ነበርና። ከዚያም በታኅሣሥ ወር በአውሮፓ አቆጣጠር፤ እርሳቸውና ከአሜሪካ የመጡት ፒተር ዬኒስከንስ የዩኒቨርሲቲውን ተማሪዎችና ሠራተኞች ይዘው ወደ በረሃው ወረዱ። ተማሪዎቹ በአንድ መስመር ተሰልፈው፤ ጎን ለጎን እየሄዱ አሸዋውን ፈተሹ። በዚያና ከዚያ በኋላ በተደረጉት ፍለጋዎች 600 ያህል ቁራጮች፤ በጠቅላላው ከ10 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ተገኙ። ድንጋዩም በዐረብኛ «አልማሃታ ሲታ»፤ ይኸውም «ስድስተኛው ጣቢያ» ተባለ።

ይህን ከነጆ ጋራ ስናስተያየው ልዩነቱ ግልጽ ነው። የሱዳኑ ድንጋይ ቀኑ፣ ደቂቃው፣ የመጣበት አቅጣጫና ያዩት ሰዎች ቃል አብረውት ተጽፈዋል። የነጆው ግን ስሙንና ዓመቱን ብቻ ይዟል። ልዩነቱን ያመጣው በወቅቱ የነበረው መነጽርና ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ ወዲያው ሄዶ የጠየቀና የጻፈ ሰው መኖሩም ነው።

፭፤ በወለጋ የሚገኙ የታሪክ ምንጮች

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያን ያቋቋሙት አባ ፒየር ጉዋን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፍ አሳትመዋል። አባ ጉዋን በመሣሪያ የተመዘገበውን ብቻ አልያዙም፤ ዜና መዋዕሎችንና የመንገደኞችን ጽሑፎች መርምረው ከመሣሪያ ዘመን በፊት የሆኑትን መንቀጥቀጦች በየቀናቸው አስቀምጠዋል። ስለ ምድር የተደረገው ይህ ሥራ ስለ ሰማይም ሊደረግ ይገባዋል። በወለጋ ለዚህ የሚያገለግሉ ምንጮች ሦስት ዓይነት ናቸው።

አንደኛው የቤተ መንግሥት ጽሑፍ ነው። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳና ቤታቸው ያስቀመጧቸው ብዙ ደብዳቤዎች በአሌሳንድሮ ትሪዩልዚና በተሰማ ታኣ አዘጋጅነት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታትመዋል። ሁለተኛው የሚሲዮን ደብዳቤ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1904 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ ወለጋ ተመልሰው፤ በቦጂና በነቀምቴ አስተምረው በ1931 በነቀምቴ ዐረፉ። የስዊድን ሚሲዮን በነቀምቴ፣ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ከ1919 ጀምሮ በደምቢ ዶሎ፣ የጀርመን ሄርማንስቡርግ ሚሲዮን ከ1928 ጀምሮ በአይራ ሠርተዋል። ሚሲዮናውያን ወደ አገራቸው በሚልኩት ደብዳቤ ላይ ቀንና ስፍራ መጻፍ ልማዳቸው ስለ ነበረ፤ ለእኛ ሥራ የተመቸ ነው።

ሦስተኛውና ታላቁ ምንጭ የሽማግሌዎች ቃል ነው። በኦሮምኛ «ዋቃ» የሚለው ቃል እግዚአብሔርንም ሰማይንም ያመለክታል። ስለዚህ በሰማይ ላይ የታየ እሳት ለአባቶቻችን የዓይን ነገር ብቻ ሳይሆን የሃይማኖትም ነገር ነበር። ጠያቂው ሽማግሌውን «ይህ አጉል እምነት ነው» ብሎ ቢያቋርጣቸው ትርጉሙንም ምስክሩንም አብሮ ያጣል። ቃላቸውን በተናገሩበት ቋንቋ፤ እንዳለ መጻፍ፤ ትርጉሙን ግን በሌላ ገጽ ማስፈር ይሻላል።

ከሽማግሌዎች ቃል ቀን ማውጣት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ ምሳሌ እናቅርብ። አንድ አባት «ጣልያን በገባ በሁለተኛው መስቀል ሰማዩ በራ» ቢሉን ዓመቱ ስንት ነው? ጣልያን አዲስ አበባ የገባው በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ቢቆጠር ሁለተኛው መስቀል በ1930 ዓ.ም. ይውላል። ጣልያን ነቀምቴን የያዘው ግን በጥቅምት 1929 ዓ.ም. ነው፤ የዚያ ዓመት መስቀል አልፎ ነበር። ስለዚህ ተናጋሪው የነቀምቴን ቆጠራ ይዘው ከሆነ ሁለተኛው መስቀል የ1931 ዓ.ም. ነው። አንድ ተጨማሪ ጥያቄ፤ ይኸውም «ጣልያን የት በገባ?» የሚለው፤ የአንድ ዓመት ስሕተት ያስቀራል። በገዳ ዘመን የሚቆጥሩ ሲሆኑም አንዱ ገዳ 8 ዓመት ስለ ሆነ፤ በገዳው መጀመሪያ ወይስ በመጨረሻው መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል።

፮፤ ከእንግዲህ ወዲህ ስለሚደረገው መዝገብ

ያለፈውን መፈለግ መልካም ነው፤ የሚመጣውን አለማሳለፍ ግን ይበልጣል። ለዚህም ታላቅ ገንዘብ አያስፈልግም። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ በሚገኙ ትምህርት ቤቶች አንድ አንድ ደብተር ቢቀመጥ በቂ ነው። ነቀምቴና ደምቢ ዶሎ በቀጥታ መስመር 200 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ፤ በመካከላቸው የሚያልፍ የእሳት ኳስ ከሁለቱም ሊታይ ይችላል። ብራንዴስና ቤንዘንበርግ ያደረጉትን ለማድረግ ሁለት ታማኝ ደብተሮች ይበቃሉ።

በደብተሩ መጀመሪያ የሚጻፈው ሰዓት ነው። እዚህ ላይ በአገራችን ሁለት እንቅፋቶች አሉ። «ሦስት ሰዓት» ሲባል በእኛ አቆጣጠር ይሁን ወይም በስልክ ላይ በሚታየው በአውሮፓ አቆጣጠር መለየት አለበት። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የታየውን አንዱ «የማክሰኞ ሌሊት»፤ ሌላው «ረቡዕ» ይለዋል። «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ» ብሎ መጻፍ ጥርጥሩን ያስወግዳል።

ቀጥሎ ምስክሩ የቆመበት ስፍራ ይጻፋል፤ ከተቻለም ምስክሩን እዚያው ቦታ ወስዶ በእጁ እንዲያመለክት ማድረግ ይገባል። ብርሃኑ ከየትኛው ዛፍ ወይም ጣራ በላይ ታየ፣ ከየትኛው በላይ ጠፋ፣ ከአድማስ ምን ያህል ከፍ ብሎ ነበር የሚሉት ይመዘገባሉ። ክንድን ዘርግቶ የተጨበጠ እጅ ሲለካ 10 ዲግሪ ያህል ስለሚሆን መሣሪያ አያስፈልግም። ከዚያም ስንት ሰከንድ ቆየ፣ ቀለሙ ምን ነበር፣ ተሰነጠቀ ወይ፣ ድምፅ ተሰማ ወይ፣ ከብርሃኑ በኋላ ስንት ቆይቶ የሚሉት ይከተላሉ። ምስክሮች አብረው ተቀምጠው ከመነጋገራቸው በፊት ለየብቻ መጠየቅ አለባቸው፤ በቡና ላይ የተጨዋወቱት ነገር ብዙውን ጊዜ የሁሉንም ቃል አንድ ያደርገዋልና።

በዘመናችን ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ መጥቷል። በሰማይ የሚያልፍ እሳት ሁሉ ድንጋይ አይደለም። ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በኬንያ በማኩዌኒ አውራጃ በሙኩኩ መንደር ስፋቱ 2.5 ሜትር፤ ክብደቱ 500 ኪሎ ያህል የሆነ የብረት ቀለበት ከሰማይ ወድቋል፤ የኬንያ የጠፈር ድርጅትም የሮኬት ክፍል መሆኑን አስታውቋል። የእሳት ኳስ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰከንድ ያልፋል፤ የሮኬት ስብርባሪ ግን ቀስ ብሎ፣ ብዙ ቁራጭ ሆኖ፣ ግማሽ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ሲታይ ይቆያል። የቆይታው ጊዜ በደብተሩ መጻፉ ሁለቱን ይለያል።

ድንጋይ ተገኘ ሲባልም መቸኮል አይገባም። ወለጋ ብረትና ማዕድን የበዛበት አገር ነው፤ በጊምቢ አጠገብ የቢቂላል የብረት ማዕድን፣ በዩብዶ ፕላቲን አለ። ቱምቱ የሚባሉት የብረት ሠራተኞች በቀድሞ ዘመን ብረት ካቀለጡበት ስፍራ የቀረው ጥቁር ዝቃጭም ከባድና ማግኔት የሚስበው ስለሚሆን በቀላሉ ያሳስታል። ዝቃጩ ብዙ ጊዜ እንደ ዳቦ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፤ አዲስ የወደቀ የሰማይ ድንጋይ ግን ቀጭን ጥቁር ቅርፊት ለብሶ፤ ውስጡ ድፍንና ፈዘዝ ያለ ነው። እንዲህ ያለውን ያገኘ ሰው ሳያጥበውና በመዶሻ ሳይመታው፤ የተገኘበትን ስፍራ ምልክት አድርጎ፤ በደረቅ ንጹሕ ነገር ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይኖርበታል። በእርጥብ አገር የሰማይ ድንጋይ በውስጡ ያለው ብረት ፈጥኖ ይዝጋልና አንድ ክረምት እንኳ ብዙ ያበላሻል።

፯፤ መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፤ ክላድኒ በቤተ መጻሕፍት፣ ቢዮ በመንደር፣ ሻዳድና ተማሪዎቻቸው በበረሃ የሠሩት ሥራ መሠረቱ አንድ ነው፤ እርሱም ያየን ሰው ፈልጎ፣ በትክክል ጠይቆ፣ ቶሎ መጻፍ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ በነቀምቴ ይገኛል፤ በከተሞቹም ሁሉ ትምህርት ቤት አለ። ስለዚህ የሚጎድለው ተቋም ሳይሆን ልማድ ነው።

ይህን ልማድ ለመጀመር የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። በየከተማው ያለው ደብተር በአንድ መምህር እጅ ይሁን፤ በዓመት አንድ ጊዜ፤ ከታኅሣሥ ወር ፍጻሜ በኋላ፤ ደብተሮቹ በነቀምቴ ተሰብስበው ይነጻጸሩ፤ ከሁለት ከተማ በላይ የታየ ነገር ቢኖር በካርታ ላይ ይሰመር። ስሕተት ይኖራል፤ ነገር ግን የተጻፈ ስሕተት በሌላ የተጻፈ ቃል ይታረማል። ከወለጋ ምድር ሌላ ድንጋይ በተገኘ ጊዜም «ሲወድቅ የታየ» በሚለው ወገን፤ ከነቀኑና ከነሰዓቱ እንዲገባ የሚያደርገው ይኸው ደብተር ነው።